ማኅተም የሌለው ደብዳቤ፦ የኢሜይል ታሪክ፣ ግቢያችንና አጭበርባሪዎቹ



የመጽሔቱ አዘጋጆች «አንድ ታሪክ ነክ ጽሑፍ ስጪን» ሲሉኝ ብዙ ሰው የሚጠብቀው የሕክምና ትምህርት ቤታችንን የመጀመሪያ ዓመታት ትዝታ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለ ሪፈራል ሌሊቶች፣ ስለ አናቶሚ ፈተና፣ ፈተናው ሲያልቅ ስለሚበላው የአሞራ ገደል ዓሣ። እሱን የሚጽፍ አይጠፋም። እኔ የመረጥኩት ማንም ታሪክ አለው ብሎ የማያስበውን ነገር ነው፤ ኢሜይልን።

ምክንያቴ ቀላል ነው። ማኅበራችን ዛሬ የሚኖረው በስልካችን ውስጥ ነው። የዚህ በዓል ጥሪ የደረሳችሁ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ነው። መዋጮ የምታስገቡበት የባንክ ሒሳብ ቁጥርም የደረሳችሁ በዚያው ነው። ሐዋሳም ሆናችሁ አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተንም ሆናችሁ ስቶክሆልም፣ ያ መልእክት በእርግጥ ከማኅበሩ መምጣቱን በምን አወቃችሁ? የብዙዎቻችን መልስ «ስሙ ተጽፎበታል እኮ» ነው። ስም መጻፍ ግን ማንም ይችላል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ክፍተት ነው፤ ከየት እንደመጣች፣ ምን እንዳስከፈለች፣ እኛስ ምን ማድረግ እንደምንችል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ «ዓ.ም.» ስል በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የውጭውን «እ.ኤ.አ.» ብዬዋለሁ።

ደብዳቤ በማኅተም ዘመን

አገራችን ደብዳቤ ማመንን የተማረችው በማኅተም ነው። የዳግማዊ ምኒልክን ደብዳቤዎች ያየ ሰው ያስታውሳል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከግርጌ አይፈርሙም፣ ማኅተማቸው ከደብዳቤው ራስ ላይ ያርፋል። ተቀባዩ ቃሉን ከማንበቡ በፊት የሚያየው ማኅተሙን ነው። ፖስታ በ1886 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቋመ፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1908 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እየበዙ ሲሄዱ ማኅተሙ ከቤተ መንግሥት ወደ ቢሮ ወረደ።

ሁላችንም በዚህ ሥርዓት ውስጥ አልፈናል። ክሊራንስ ለማስፈረም ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተ ሰው መዝገብ ቤት ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ደብዳቤው ቁጥር አለው፣ ቀን አለው። ፊርማ አለው፣ ከፊርማው ሥር ቲተር፣ በላዩ ላይ ክብ ማኅተም። ከግርጌው «ግልባጭ» ተብሎ ለሦስትና ለአራት ቢሮ ይበተናል። ተማሪ ሳለን ይህን ሁሉ እንደ ቢሮክራሲ ብቻ ነበር የምናየው። ዛሬ ሳስበው ግን እያንዳንዱ ነገር ሥራ ነበረው። ቁጥሩ ካለ ደብዳቤው በእርግጥ መውጣቱን ከወጪ መዝገቡ ላይ ማየት ይቻላል። ግልባጩ ሐሰተኛ ደብዳቤ ቢጻፍ ሌላ ሰው አይቶ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» እንዲል ያደርጋል። ደብዳቤውን ይዞ የሚመጣው ተላላኪም በስም የሚታወቅ ሰው ነው።

በዚያ ዘመን ማስመሰል አይቻልም ነበር ማለቴ አይደለም። ሐሰተኛ ማኅተም የሚቀርጽ በየጊዜው አለ። ግን ማኅተም መቅረጽ ልፋት አለው፣ ወጪ አለው፣ የሚያዘውም ከነማስረጃው ነው።

ኢሜይል ያለ ማኅተም ተወለደ

ኢሜይል የተወለደው ከእነዚህ አንዱም ሳይኖረው ነው። እስከ ዛሬ ኢሜይል የሚጓዝበት ደንብ፣ ኤስኤምቲፒ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በጆን ፖስቴል ተጽፎ ወጣ። በዚያን ጊዜ መረቡ ላይ የነበሩት ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች፣ የምርምር ተቋማትና የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ሰዉ እርስ በርሱ ይተዋወቃል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ደንቡ ላኪውን «ማነህ?» ብሎ አያጣራም። ላኪው «ከ» በሚለው ቦታ ላይ የፈለገውን አድራሻ ቢሞላ ሰርቨሩ ተቀብሎ ያደርሳል። በፖስታ ጀርባ ላይ የላኪ ስም እንደመጻፍ ነው፤ ፖስታ ቤቱ መታወቂያ አይጠይቅም።

አደጋው ፈጽሞ አልታያቸውም ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ። ይኸው ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ቆሻሻ ደብዳቤ ችግር አጭር ማስታወሻ ጽፎ ነበር። አንድ ኮምፒውተር የማይፈለግ መልእክት ቢያጎርፍበት ተቀባዩ መርጦ እምቢ የሚልበት መንገድ እንደሌለው ያን ጊዜውኑ ተናግሯል። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 1978፣ ዲጂታል ኢኩፕመንት የተባለው ኩባንያ የሽያጭ ሠራተኛ ጋሪ ተርክ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች የኮምፒውተር ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ላከ። ዛሬ አይፈለጌ መልእክት ወይም ስፓም የምንለው ነገር የዘር ሐረጉ ከዚያ ይቆጠራል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ የሚቀርበን ግን የ1994ቱ ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት ኤፕሪል ወር ሁለት የአሪዞና ጠበቆች፣ ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲጌል፣ ዩዝኔት በሚባለው የውይይት መረብ ላይ ከ5,000 በላይ ለሆኑ ቡድኖች አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ለቀቁ። ማስታወቂያው ስለ ምን ነበር? ስለ ግሪን ካርድ ሎተሪ። አዎ፣ ስለ ዲቪ! በስፓም ታሪክ ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው ያ ማስታወቂያ የእኛኑ ሕልም የያዘ ነበር። ካንተርና ሲጌል ቢያንስ እውነተኛ ጠበቆች ናቸው፤ ያሉትም በክፍያ እናግዛችሁ ነው። ከእነሱ በኋላ የመጡት ግን «ዲቪ ደርሶሃል፣ ገንዘብ ላክ» የሚሉ ሌቦች ናቸው። የአሜሪካ መንግሥት ለአሸናፊ ማሸነፉን በኢሜይል እንደማይነግር፣ ውጤቱ የሚታየው በራሱ ድረ ገጽ እንደሆነ ስንት ጊዜ ተናግሯል። ቢሆንም ያንን ኢሜይል አሳትሞ ይዞ ለዘመድ ለወዳጅ የሚያሳይ ሰው አላየሁም የሚል የእኛ ዘመን ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ።

ወደ አገራችን፣ ወደ ከተማችን

ኢሜይል ኢትዮጵያ የገባው ከኢንተርኔት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባለው ክፍል ፊዶኔት በተባለ ዘዴ መልእክት ያስተላልፍ ነበር። መልእክቶቹ ይጠራቀማሉ፤ ከዚያ በስልክ መስመር ወደ ውጭ ይደወልና የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ይላካል፣ የመጣውም ይወርዳል። ለእኛ ለሐኪሞች ደግሞ የሚያኮራው ሄልዝኔት ነው። የልብ ሐኪሙ በርናርድ ላውን ያቋቋሙት ሳቴላይፍ የተባለ ድርጅት፣ ከምድር ብዙም ሳትርቅ የምትዞር ትንሽ ሳተላይት ጭምር እየተጠቀመ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ላሉ የጤና ባለሙያዎች ኢሜይልና የሕክምና ጽሑፍ ያደርስ ነበር። ማለትም የአፍሪካ ሐኪም ከሌላው ሰው ቀድሞ ኢሜይል ካዩት አንዱ ነው።

እነዚህ መረቦች አንድ ጥሩ ነገር ነበራቸው፤ ትንሽ ነበሩ። መስመሩን የሚያስተዳድረው ሰው ተጠቃሚዎቹን በስም ያውቃል። እንደ መንደር ነው፤ ፀጉረ ልውጥ ሲገባ ይታያል።

ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት በ1989 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ሲጀመር ያ መንደር ከተማ ሆነ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ1992 ዓ.ም. የሐዋሳ ግብርና ኮሌጅ፣ የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና የዲላው የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተጣምረው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባሉ፤ ኋላም ዩኒቨርሲቲው የከተማዋን ስም ያዘ። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲያችንና የአገራችን ኢንተርኔት የዕድሜ እኩዮች ናቸው።

እኛ ሕክምና በምንማርበት ጊዜ ኢንተርኔት በደቂቃ ሒሳብ የሚከፈልበት ነገር ነበር። በአገሪቱ ሁሉ መስመሩ ቀርፋፋ ነው፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። የተቋም ኢሜይል የነበረውም ቢሆን ቦታው ጠባብ ነው፤ ሁለት ፎቶ ከመጣበት ይሞላል። ስለዚህ ሁላችንም የያሁ አድራሻ አወጣን። እ.ኤ.አ. በ2004 ጂሜል ሲመጣ ቦታው ሰፊ ስለሆነ ቀስ በቀስ ወደዚያ ዞርን። በየዩኒቨርሲቲው ያሉ መምህራንም እንደዚሁ። ማንም የሚወቀስበት አይደለም፤ በወቅቱ የሚሠራው እሱ ነበር።

ውጤቱ ግን እስከ ዛሬ አለ። የኢትዮጵያ መምህራን ያሳተሟቸውን የምርምር ጽሑፎች ግለጡ፤ ከደራሲው ስም ሥር የምታገኙት አድራሻ ብዙውን ጊዜ የጂሜል ወይም የያሁ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለእኔ ግን የነገሩ ሁሉ ሥር እዚህ ጋ ነው። የአንድ ዲን ወይም የዲፓርትመንት ኃላፊ እውነተኛ አድራሻ ጂሜል ከሆነ፣ የአስመሳዩም ጂሜል ከሆነ፣ ተቀባዩ በምን ይለያቸዋል? ማኅተማችንን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈን በባዶ ወረቀት መጻፍ ከለመድን፣ ሌላው በባዶ ወረቀት በስማችን ሲጽፍ ማን ያውቅበታል?

የስማችን አጻጻፍ

በዚህ ላይ የራሳችን የሆነ ችግር ይጨመርበታል። ስማችንን በላቲን ፊደል የምንጽፍበት አንድ ወጥ ልማድ የለንም። ከተማችንን ራሷን ውሰዱ። በድሮው የግብርና ኮሌጅ ስም ላይ በ«ኤ» ትጀምራለች፤ ዛሬ በ«ኤች»። አንዱ «ኤስ»ን አንድ ጊዜ ይጽፋል፣ ሌላው ሁለት ጊዜ። ሁሉንም አይተናል፤ ለዓይናችን ሁሉም ትክክል ነው። የሰው ስምም ያው ነው። ፀሐይን፣ ኃይሉን፣ ተስፋዬን ስንት ዓይነት አድርገን እንጽፋቸዋለን? እንግሊዝ ወይም አሜሪካ ያለ ሰው የባንኩ ስም አንድ ፊደል ቢጎድለው ይጠራጠራል። እኛ ግን አጭበርባሪው የዩኒቨርሲቲውን ወይም የመምህሩን ስም አንድ ፊደል ለውጦ አድራሻ ቢከፍት «እንዲህም ይጻፋል» ብለን እናልፋለን።

ከውጭ የተቀዳው ምክር ደግሞ «እንግሊዝኛው የተበላሸ ከሆነ ተጠንቀቅ» ይላል። ይህ ምክር መቼም ለእኛ ብዙ አልሠራም፤ እውነተኛ የቢሮ ደብዳቤዎቻችንም በሁለተኛ ቋንቋ የተጻፉ ናቸው። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቶ ለሌባውም ንጹሕ እንግሊዝኛ፣ ደህና አማርኛም ጭምር ይጽፍለታል። ሰዋስው እያዩ መለየት ከእንግዲህ አያዋጣም።

ፊሺንግ የሚለው ቃል ዓሣ ከማጥመድ የመጣ ነው፤ ለሐዋሳ ልጅ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በሐይቃችን ቆሮሶ በመረብ ይያዛል፣ አምባዛ በመንጠቆ። ስፓም መረቡ ነው፤ ማን እንደሚገባበት ሳይመረጥ ለሁሉ ይጣላል። ክፉው ፊሺንግ መንጠቆው ነው። ጫፉ ላይ የተሰካው ነገር ታስቦበት ለእናንተ የተመረጠ ነው፤ ለመምህሩ የጆርናል ግብዣ፣ ለተማሪው ስኮላርሺፕ፣ ለፋይናንስ ሠራተኛው የአለቃው ትእዛዝ።

ማረጋገጫውን ከሌባው መጠየቅ

በእኛ አገር ስም ከተፈጸሙት ማጭበርበሮች ብዙ የሚያስተምረው የተፈጸመው በኢሜይል ሳይሆን በፋክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሲቲባንክ ዘንድ ከነበረው ሒሳብ 27 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶ ወደ ተለያዩ አገሮች ተላለፈ። የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ በኋላ ባቀረበው ክስ መሠረት ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ከብሔራዊ ባንኩ የመጣ የሚመስል የሰነድ ጥቅል ለሲቲባንክ ደረሰ። በውስጡ የኃላፊዎች ፊርማና ለማረጋገጫ የሚደወልባቸው የስልክ ቁጥሮች ነበሩ። ቀጥሎ ሁለት ደርዘን ያህል የክፍያ ትእዛዞች በፋክስ መጡ። ሲቲባንክ ዝም ብሎ አልከፈለም፤ ደውሎ አጣራ። የደወለው ግን በዚያው ጥቅል ውስጥ ወደተላከለት ቁጥር ነው። ስልኩን ያነሱት አጭበርባሪዎቹ ናቸው። «አዎ፣ እኛ ነን» አሉት። ጉዳዩ የታወቀው ገንዘቡ የደረሳቸው አንዳንድ ባንኮች ሲመልሱትና ብሔራዊ ባንኩም «ይህን ዝውውር አላውቀውም» ሲል ነው።

ሲቲባንክ አጣርቷል፤ ያጣራው ግን ከሌባው ራሱ ዘንድ ነው። በዛሬው ኢሜይልም የሚሆነው ይኸው ነው፤ መልእክቱ ውስጥ ያለው ሊንክ፣ መልእክቱ ውስጥ ያለው ስልክ፣ መልእክቱ ውስጥ ያለው «መልስ» የሚለው ቁልፍ፣ ሁሉም የሚወስደው ወደ ላኪው ነው።

ካናዳ ኤድመንተን ከተማ የሚገኘው ማክዩዋን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ይህንኑ በኢሜይል ቀመሰ። አጭበርባሪዎቹ ለዩኒቨርሲቲው የሚሠራ የግንባታ ድርጅት መስለው «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» ብለው ጻፉ። ሠራተኞቹ ለድርጅቱ ሳይደውሉ ሒሳቡን ቀየሩ፤ 11.8 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ሄደ። ብዙው ገንዘብ ቆይቶ ተመልሷል። ዕድለኞች ናቸው። ለማዳን ያስፈልግ የነበረው ግን ድርጅቱ ቀድሞ ወደሚታወቅበት ቁጥር የሚደረግ የአንድ ደቂቃ ስልክ ነበር።

ከዩኒቨርሲቲና ከሆስፒታል ምን ይፈልጋሉ?

«እኛ ዘንድ ምን ገንዘብ አለና?» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በማርች 2018 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ማብና ኢንስቲትዩት ከተባለ የኢራን ተቋም ጋር የተያያዙ ዘጠኝ ሰዎችን ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው ሰዎቹ ከ100,000 በላይ የፕሮፌሰሮች አድራሻ ላይ አነጣጥረው 8,000 ያህሉን ከፍተዋል፤ የተጠቁት 144 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችና በሌሎች 21 አገሮች ያሉ 176 ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። መንጠቆው ምን ነበር? ጽሑፍዎን አነበብኩ፣ ወደድኩት፣ ሌሎቹንም ሥራዎችዎን ማየት እፈልጋለሁ የሚል የሌላ ፕሮፌሰር ደብዳቤ። ሊንኩ የራሳቸውን ዩኒቨርሲቲ ወደሚመስል ገጽ ይወስዳቸዋል፤ የይለፍ ቃላቸውን ያስገባሉ። መምህራኖቼ፣ ሥራዬን የወደደልኝ ሰው አገኘሁ ብሎ ደስ የማይለው ማን አለ?

የእኛ መምህራን ሳጥን ደግሞ በየቀኑ «የተከበሩ ፕሮፌሰር» እያለ በሚጀምር የጆርናል ግብዣ ይጥለቀለቃል። ይህን ንግድ በሰፊው ያካሄደው መቀመጫው ሕንድ ሐይደራባድ የሆነ ኦሚክስ የተባለ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ተፈርዶበታል። ለደረጃ ዕድገት ጽሑፍ ማሳተም ግዴታ በሆነበት ቦታ እንዲህ ያለው ስፓም ተራ ቆሻሻ አይደለም፤ የሰውን ዓመታት ድካም ይበላል።

በውጭ ያሉ ወገኖቻችንም በመንጠቆው ተሞክረዋል። የቶሮንቶው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ባወጣው ጥናት በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቪዲዮ እዩ የሚል ኢሜይል ይላክላቸው እንደነበር፣ ቪዲዮውን ለማየት «ፍላሽ ማጫወቻውን አድሱ» የሚላቸው ገጽ ሰላይ ሶፍትዌር እንደሚጭን አሳይቷል። ከዒላማዎቹ መካከል የዶክትሬት ተማሪ ይገኝበታል። ፖለቲካውን ለሌላ ቦታ ልተወው፤ ለዚህ ጽሑፍ የሚበቃው ተማሪም ዒላማ መሆኑ ነው።

እንደ ሐኪም እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የአየርላንድ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 18 ቀን 2021 በአገሪቱ የጤና አገልግሎት ውስጥ አንድ ሠራተኛ ከኢሜይል ጋር የመጣ የኤክሴል ፋይል ከፈተ። ስምንት ሳምንት ያህል ምንም የተፈጠረ አይመስልም ነበር። በሜይ 14 ሌቦቹ የአገሪቱን የሆስፒታሎች ኮምፒውተሮች ቆለፏቸው። ሐኪሞች ወደ ወረቀት ተመለሱ፤ ቀጠሮዎች ተሰረዙ፤ የላቦራቶሪ ውጤትና ራጅ ማየት ችግር ሆነ። እኛ ገና ከካርድ ክፍል የወረቀት ፋይል ወደ ኮምፒውተር እየተሻገርን ነው። የምንሻገርበት ድልድይ የሠራተኞቻችን ኢሜይል መሆኑን እንዳንረሳ።

ሌላም ጉዳት አለ፤ ጸጥ ያለ ነው። የአንድ መምህር የይለፍ ቃል ሲሰረቅ ሌባው ከዚያ አድራሻ በሺህ የሚቆጠር ስፓም ይረጫል። ያን ጊዜ በዓለም ዙሪያ ያሉ የስፓም ተቆጣጣሪዎች የዩኒቨርሲቲውን ሰርቨር ጥቁር መዝገብ ውስጥ ያስገቡታል። ከዚያ በኋላ የሌላው ንጹሕ መምህር ደብዳቤ ለጆርናሉ፣ የሬጅስትራር መልስ ለውጭ ዩኒቨርሲቲ አይደርስም፤ ወይም ማንም በማያየው የስፓም ሳጥን ውስጥ ይወድቃል። ትራንስክሪፕቱ እንዲረጋገጥለት የሚጠብቀው ተመራቂ ዕድሉ ለምን እንዳለፈው እንኳ አያውቅም።

ማኅተሙ ሲመለስ

ደግነቱ ማኅተሙ ተመልሷል። ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ስማቸው ያስፈራል እንጂ ሐሳባቸው ከመዝገብ ቤታችን የራቀ አይደለም።

የመጀመሪያው ኤስፒኤፍ ነው፤ ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። ዩኒቨርሲቲው «በስሜ ደብዳቤ ማድረስ የሚችሉት እነዚህ ሰርቨሮች ብቻ ናቸው» ብሎ በአደባባይ ይለጥፋል። የሚታወቁ ተላላኪዎች ዝርዝር ማለት ነው። ሁለተኛው ዲኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 መጣ። እያንዳንዱ ደብዳቤ ሲወጣ በምስጢራዊ ቁልፍ ይታተምበታል፤ በመንገድ ላይ ቃሉ ከተነካ ማኅተሙ ይበላሻል። ሦስተኛው ዲማርክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ሆነ። ተቀባዩን «በስሜ መጥቶ እነዚህን ያላሟላ ደብዳቤ ካገኘህ ዝም በለው፣ ወይም ለብቻው አስቀምጠው፣ ወይም መልሰው» ብሎ ያዝዛል። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጉግልና ያሁ ብዙ መልእክት የሚልኩ ሁሉ እነዚህን እንዲያሟሉ ግዴታ አድርገዋል።

ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ «ዝም በለው» ላይ የቀረ ዲማርክ በር ላይ ቆሞ የሚገባ የሚወጣውን የሚመዘግብ እንጂ ማንንም የማይከለክል ዘበኛ ነው። ሁለተኛ፣ ይህ ሁሉ የሚሠራው የዩኒቨርሲቲውን ትክክለኛ አድራሻ ለሚያስመስል ሌባ ነው። አንድ ፊደል ለተቀየረበት አድራሻ፣ ከጂሜል ለሚጻፍ «ዲን»፣ በተሰረቀ የይለፍ ቃል ለሚገባ ሰው መድኃኒት አይሆንም። ለተሰረቀው የይለፍ ቃል ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አለ። ለጂሜሉ ዲን ግን መፍትሔው አንድ ነው፤ እውነተኛው ዲን ከጂሜል መጻፍ ማቆም አለባቸው።

ሕግም አለን። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የማስታወቂያ ኢሜይል መበተንን ወንጀል አድርጎታል፤ በኮምፒውተር የሚፈጸም ማታለልንም በሌላ አንቀጽ ይቀጣል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ሌባው ብዙ ጊዜ ባሕር ማዶ መሆኑ ነው። ሕግ የሚደርሰው ከተያዘ በኋላ ነው።

ማፈርና ማክበር

ሐኪም ሆኜ ያየሁት ነገር አለ። ታማሚ ዘግይቶ የሚመጣው ሁልጊዜ በድህነት ወይም በርቀት ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ስለሚያፍርም ነው። በሳንባ ነቀርሳ አይተነዋል፣ በኤችአይቪ አይተነዋል። የተሳሳተ ሊንክ የነካ ሠራተኛም ያፍራል። «ምን ይሉኛል» ብሎ ዝም ይላል። የይለፍ ቃል ወዲያው ቢቀየር ጉዳቱ በአንድ ሰው ሳጥን ላይ ይቆም ነበር፤ ሦስት ቀን ሲደበቅ ግቢውን ያዳርሳል። ስለዚህ ሪፖርት ያደረገ ሰው መመስገን አለበት እንጂ በስብሰባ ላይ መነሳት የለበትም። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 በኢሜይል በጀመረ ጥቃት ከተጠቃ በኋላ የሆነውን ሁሉ በዝርዝር ጽፎ በ2019 ለሕዝብ አወጣው። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ከዚያ ተማሩ። እንዲህ ያለውን ድፍረት እኔ አከብራለሁ።

ከማፈር ጋር የሚሄደው ማክበራችን ነው። በእኛ ባህል አለቃ «ቶሎ አድርጊው» ብሎ ከጻፈ ደውሎ «በእርግጥ እርስዎ ነዎት?» ማለት ድፍረት ይመስላል። ሌባው ይህን ያውቃል፤ ለዚህ ነው ሁልጊዜ በትልቅ ሰው ስም፣ ሁልጊዜ «በአስቸኳይ» የሚጽፈው። ይህን መስበር የሚችሉት ከታች ያሉት አይደሉም፤ ከላይ ያሉት ናቸው። አንድ ዲን በስብሰባ ላይ «በስሜ ገንዘብ ወይም የይለፍ ቃል ከተጠየቃችሁ ደውሉልኝ፤ ብትደውሉልኝ አልቆጣም፣ ባትደውሉ ነው የምቆጣው» ቢሉ ከብዙ ማሽን ይበልጣል።

ለጉባኤያችን

ለመምህራኖቻችን የማቀርበው ልመና አጭር ነው። የቢሮ ሥራ ከቢሮ አድራሻ ይሁን። ጽሑፍ ስታሳትሙ የዩኒቨርሲቲውን አድራሻ ስጡ። ማኅተሙ የሚከበረው ስንጠቀምበት ነው።

ለማኅበራችን ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ፤ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ አቀርበዋለሁ። እጃችሁ ላይ ያለው መጽሔት ወረቀት ነው። ማንም ከባሕር ማዶ ሆኖ ሌሊት ገብቶ ሊቀይረው አይችልም። ስለዚህ ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ የማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የሊቀ መንበሩና የገንዘብ ያዡ የቢሮ ስልክ በመጽሔቱ የመጨረሻ ገጽ ላይ ይታተም። «ሒሳቡ ተቀይሯል» የሚል መልእክት በኢሜይልም ይምጣ በቴሌግራም፣ በማንም ስም ይምጣ፣ አባሉ መጽሔቱን ከመደርደሪያው አውርዶ እዚያ ላይ በታተመው ቁጥር ይደውል። ሳይደወል የሚላክ ገንዘብ አይኑር። የገንዘብ ያዡ ስልክ ሲበዛበት ያማርር ይሆናል። ያማርር። ለሥራው የመረጥነው እኮ ነው።

ለሁላችሁም መልካም የመገናኛ በዓል።